የዘመኑ ጥበብ የጠፋውን ባህል ሊያስነሣ ይችላልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ታላቅ በዓል ቀን በዕድሜም በዕውቀትም ከሚበልጡኝ ሰዎች ፊት ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ንግግሬ ቢረዝም በትዕግሥት፣ ቢሳሳት በይቅርታ እንድትመለከቱልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ዓመቶችን በምጠራበት ጊዜም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የንግግሬ ርእስ ጥያቄ ነው፤ የዘመኑ ጥበብ፣ ማለት ቴክኖሎጂ የምንለው፣ የጠፋውን ባህልና ልማድ ሊያስነሣ ይችላልን? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከቤታችን ነው፤ ስለዚህ ከቤታችን ልጀምር።

ወንድ አያቴ በገና ደርዳሪ ነበሩ። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ስላረፉ ሲደረድሩ አይቻቸው አላውቅም። የቀሩልን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው በገናቸው፣ ሁለተኛው አጎቴ በአንድ የዐቢይ ጾም ማታ የቀዳው ካሴት ነው። ባለፈው ክረምት ይህን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥሁት። ካሴቱ ስላረጀ ጩኸት ሞልቶበት ነበርና፣ ጩኸት የሚያጠራ ፕሮግራም ፈልጌ አጠራሁት። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። እኔም በሥራዬ እጅግ ተደስቼ ሴት አያቴን ጠራሁና አሰማኋቸው። እርሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ድምፁስ የርሱ ነው፤ ነገር ግን ይህ የያዘው የምን ክራር ነው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገና ዐሥር አውታር አለው። አውታሮቹ ከበግ አንጀት የተፈተሉ ናቸው፤ ከላይ በቀንበሩ ላይ ይታሰራሉ፣ ከታች በበርኩማው ላይ ያልፋሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ በተነካ ጊዜ ያንን ቆዳ እየመታ ይነዝራል፤ ያ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። በገናን በገና የሚያሰኘው ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ግን ያንን ንዝረት እንደ ካሴቱ ጩኸት ቈጥሮ አብሮ ጠርጎት ነበር። መኪናው የታዘዘውን አደረገ፤ ያላወቅሁ እኔ ነበርሁ። ድካሜ ሁሉ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ።

ደግነቱ ካሴቱን አልጣልሁትም ነበርና እንደ ገና ገለበጥሁት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሴት አያቴን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ጩኸት የሚሉትንና በገና የሚሉትን እየጠየቅሁ ሠራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው ከራሴ አልወጣም። እርሳቸው ባይኖሩ ኖሮ እኔ ያንን የጠራ ውሸት የአያቴ በገና ነው ብዬ ለልጆቼ አወርስ ነበር።

አሁን ወደ ሰፊው ነገር ልሂድ። አንዳንድ ሰዎች ቴክኖሎጂ የባህል ጠላት ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ብራናና ቀለምም በጊዜያቸው ቴክኖሎጂ ነበሩ። መጽሐፈ ሄኖክ በጥንት ዘመን በብዙ አገር ይነበብ የነበረ መጽሐፍ ነው፤ በሌሎቹ ቋንቋዎች የተረፈው ግን ቁርጥራጩ ነው። ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ18ኛው መቶ ዓመት ቅጂውን ከአገራችን ይዞ በተመለሰ ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት የጠፋ መጽሐፍ ተገኘ ብለው ተደነቁ። ለኛ ግን ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ለምን ቢሉ፣ ብራናው ባረጀ ቍጥር ፍቆና ዳምጦ ሌላ ብራና የሚያዘጋጅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ቁጭ ብሎ የሚገለብጥ፣ ገልብጦም የሚያነብ ሰው ስላልጠፋ ነው።

የማተሚያ መኪናም እንዲሁ ረድቶናል። አስቴር ጋኖ የምትባለው የኦሮሞ ልጅ በባርነት ተሸጣ ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ የጣልያን ባሕር ኀይል አስጥሏት፣ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። እዚያ ሆና፣ ከአገሯ ተለይታ ሳለች፣ በልጅነቷ የሰማችውን ተረትና ዘፈን፣ እንቈቅልሽና ምሳሌ እያስታወሰች ጻፈች። ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ፤ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በኦሮምኛ ወጣ። እኛ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ታሪክ ልናስታውሰው ይገባናል። አስቴር ማተሚያ ባታገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ከርሷ ጋር በተቀበረ ነበር፤ የእናቶቿን ቃል በልቧ ባትይዝ ኖሮ ደግሞ ማተሚያው የሚያትመው ባጣ ነበር።

በኛ ዘመን አቅራቢያ የተደረገውንም ልንገራችሁ። በ1973 የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ ታላቅ ሥራ ተጀመረ። ከየገዳሙና ከየደብሩ እየተሰበሰቡ የተነሡት መጻሕፍት ከ9,000 በላይ ሆኑ፤ ቅጂውም አሜሪካ አገር በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አጠገብ ባለው የመጻሕፍት ቤት ተቀመጠ። ነገር ግን ፊልም ብቻውን ምንድር ነው? የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ምን እንደሚል የሚያውቅ ከሌለ የጥቍር ሸማ ጥቅል ነው። ያንን ያወቁልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በጥይት ተመትተው ሽባ ከሆኑ በኋላ በ1976 ወደዚያ ሄዱና፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሺህ የሚቈጠሩትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። በ2021 እስካረፉ ድረስም ከግዕዝ ሥራ አልተለዩም። እንግዲህ ካሜራው ገጹን አነሣ፤ የቄስ ትምህርት ቤት ያስተማረው ሰው ግን አነበበው።

ፊደላችንም በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ኮምፒዩተሮች የፊደል መዝገብ ውስጥ ገባ። ዛሬ በስልካችን በአማርኛ የምንጻጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ለባህል ያደረገው መልካም ሥራ ስለ ሆነ ልናመሰግነው ይገባናል።

ነገር ግን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ ማስነሣት ደግሞ ሌላ። በጎተራ ያለ ዘር ከነቀዝ ተጠብቆ ሊቈይ ይችላል፤ አርሶ የሚዘራው ካልመጣ ግን አይበቅልም። ይህን በምሳሌ ላስረዳ።

የአክሱም ሐውልት በ1937 ወደ ሮማ ተወሰደ፤ በ2005 በ3 ተከፍሎ በታላቅ የጭነት አውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008ም በቦታው ቆመ። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 160 ቶን ያህል ነው። ይህን ድንጋይ ከባሕር ማዶ አምጥቶ ማቆም ዘመናዊ ምሕንድስና ያደረገው ድንቅ ሥራ ነው፤ እኛም ኰርተንበታል። ነገር ግን የቀድሞዎቹ አክሱማውያን ሐውልቱን ባቆሙ ቀን ምን እንዳሉ፣ ምን እንደ ዘመሩ፣ እናቶች ምን ብለው እልል እንዳሉ ምንም አውሮፕላን አላመጣልንም። ድንጋዩ ተመለሰ፤ ያ ቀን አልተመለሰም።

ደግሞ የሁለት አገሮችን ነገር አስተያዩልኝ። በሶርያ በፓልሚራ የነበረው ጥንታዊ የድል በር በ2015 በታጣቂዎች ፈረሰ። በ2016 ሊቃውንት ከፎቶግራፎች ተነሥተው በኮምፒዩተር ሣሉት፤ መኪናም በእብነ በረድ ላይ ቀረጸው፤ ከፊተኛው አነስ ብሎ የተሠራው አምሳያም በሎንዶን አደባባይ ቆመ። ብዙ ሰው መጥቶ አየው። ይህም የአጥፊዎችን ሥራ ስለሚነቅፍ መልካም ነበር።

በማሊ በቲምቡክቱ ደግሞ የቅዱሳን መቃብሮች በ2012 እንዲሁ ፈረሱ። እነዚህ ግን የታደሱት በሌላ መንገድ ነው። የከተማው ግንበኞች፣ ሥራውን ከአባቶቻቸው የወረሱት፣ በዩኔስኮ ርዳታ ጭቃውን አቡክተው መቃብሮቹን እስከ 2015 ድረስ መልሰው ሠሯቸው። በሎንዶን የቆመው ድንጋይ የፓልሚራን በር መልክ አሳየ፤ በቲምቡክቱ የተሠራው ግን ከመልኩ ጋር የሚያድሰውም እጅ አብሮ አለ። ነገ ዝናብ ቢያፈርሰው የሚሠራው ሰው እዚያው ነው። በኔ አሳብ ተነሣ የሚባለው ይህኛው ነው።

አሁን ከእናንተ መካከል አንዱ፣ «መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያውቅ ሽማግሌ አንድ እንኳ ካልቀረስ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ጥያቄው ከባድ ነው። ስለዚህ ነገር በአሜሪካ አገር የዋምፓኖአግ ሕዝብ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው ከ100 ዓመት በላይ ጠፍቶ ነበር። የቀረላቸው ጽሕፈት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሚሲዮናውያን በ1663 በቋንቋቸው ያሳተሙት መጽሐፍ ቅዱስ ይገኛል። ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ የምትባል ከነገዱ የተወለደች ሴት በ1990ዎቹ ዓመታት የቋንቋ ጥናት ተምራ እነዚያን ጽሑፎች መረመረች፤ ከዘመድ ቋንቋዎችም ጋር አስተያይታ ቋንቋውን ለራሷ ተማረች፤ ከዚያም ልጇን በዚያ ቋንቋ አፍ አስፈታቻት። ስለዚህ ሽማግሌ ሁሉ ቢያልፍም ተስፋ ፈጽሞ አይቈረጥም ማለት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ከ300 ዓመት በላይ ተቀምጦ ብቻውን አንድ ቃል አልተናገረም። የተናገረው አንዲት እናት በቤቷ ለልጇ ባሰማችው ጊዜ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለው ሥራ የሚጠይቀው ድካም፣ ሽማግሌው ሳለ ቁጭ ብሎ ከመማር ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደሚሆን አስቡት።

የሃዋይ ሰዎች ጊዜውን በዘዴ ተጠቅመውበታል። አባቶቻቸው ያለ መሣሪያ በከዋክብትና በማዕበል እየተመሩ ታላቁን ውቅያኖስ ያቋርጡ ነበር፤ ይህ ዕውቀት ግን በሃዋይ ጠፋ። በ1976 ሆኩሌአ የተባለችውን ታንኳ በጥንቱ ዐይነት ሠርተው ወደ ታሂቲ በሄዱ ጊዜ መሪ አድርገው የወሰዱት ማው ፒያይሉግ የሚባለውን፣ ከሩቅ ደሴት የመጣ፣ ጥበቡን ከአያቱ የተማረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ናይኖአ ቶምሰን የሚባል የሃዋይ ወጣት፣ ከዋክብትን በጣሪያ ላይ በሚያሳይ ፕላኔታሪየም በሚባል አዳራሽ የሰማዩን ጉዞ ሌሊት ከሌሊት እየቈጠረ አጠና፤ ከማውም ጋር ባሕሩን ተማረ፤ በ1980ም ታንኳዪቱን ራሱ መርቶ ታሂቲ ደረሰ። አያችሁ፣ የዘመኑ መሣሪያና የጥንቱ መምህር ተባበሩ። አዳራሹ ኮከቡን አሳየው፤ ማዕበሉን ከታንኳው ወለል እንዴት እንደሚያውቅ ያስተማረው ግን ሰው ነው።

ወደ በገና ልመለስ። በደርግ ዘመን በገና በአደባባይ መሰማቱ ቀነሰ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ተቋረጠ። ያን ጊዜ የተመለከተ ሰው በገና ሊጠፋ ነው ቢል አይፈረድበትም። ዛሬ ግን በየከተማው የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ በጾም ወራትም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰማል። ያስነሣው ምንድር ነው? ካሴትና ሲዲ ረድተዋል፤ የመምህር ዓለሙ አጋ በገና በሸክላና በሲዲ ተቀድቶ በባሕር ማዶ ሳይቀር ተሰምቷል። ነገር ግን ዓለሙ አጋ ራሳቸው የተማሩት ከሸክላ አይደለም፤ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ተቀምጠው ነው። እርሳቸውም በተራቸው ሌሎችን አስተማሩ። ቀረጻው ወጣቱን ጠራ፤ መምህሩ ተቀበለው። ጥሪ ብቻ ቢኖርና በር የሚከፍት ባይኖር ወጣቱ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንድጨምር ፍቀዱልኝ።

የመጀመሪያው፣ መሣሪያውም ራሱ የሚታመን ጎተራ አለመሆኑ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት ብዙ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ከነርሱም የአያሌዎቹ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በኢንተርኔት ቀረበ። ፎቶግራፉን ካያችሁ መጽሐፉ ለምን ያስፈልጋችኋል የሚሉን አሉ። ነገር ግን በጥቅምት 2023 ወንበዴዎች የዚያን መጻሕፍት ቤት ኮምፒዩተሮች ባጠቁ ጊዜ በኢንተርኔት የቀረቡት የብራና ምስሎች ለብዙ ወራት ከዐይን ተሰወሩ። ብራናው ግን በመደርደሪያው ላይ እንዳለ ነበር። ምስል መጽሐፉን ሊተካ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? በቅርቡም ሰው ሠራሽ አእምሮ የሚባለው መጥቷል፤ የጥንት ዜማ የሚመስል ዜማ በደቂቃ ያወጣል። የሚያውቅ ሰው ካልቀረ የአባቶቻችንንና የመኪናውን ማን ይለይልናል? እኔ በአንድ ካሴት ከተታለልሁ፣ ሕዝብ በሺህ ሊታለል ይችላል።

ሁለተኛው፣ የጠፋ ሁሉ ይነሣ አለማለት ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን መናቅ፣ ሴት ልጅን በሕፃንነቷ መዳር፣ እነዚህም ከአባቶቻችን የተቀበልናቸው ልማዶች ናቸው። እንዲህ ያለው ቢቀበር የሚያለቅስለት አይኑር። ይልቁንም ስንቱ የእጅ ጥበብ የጠፋው ጥበበኛው ስለ ተሰደበ፣ ልጁም በአባቱ ሥራ ስላፈረ እንደ ሆነ እናስብ። ይህን ያጠፋው ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ምላሳችን ነው። ምላሳችን ያጠፋውን ደግሞ ካሜራ አያስነሣውም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ቴክኖሎጂ የጠፋውን ባህል ብቻውን ሊያስነሣ አይችልም፤ ሊያስነሣ ለተነሣ ሰው ግን ታላቅ ረዳት ነው። የሚቀዳውን የሚለይ አዋቂ፣ የተቀዳውን የሚለማመድ ወጣት፣ ልምምዱንም የሚቀበል ቤተ ሰብ ካለ፣ መሣሪያው እጥፍ ያፈራል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን የተቀዳው ሁሉ ሣጥን ውስጥ ያለ የሙት ልብስ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፣ በአያቴ ካሴት ውስጥ አንድ መዝሙር አለ። ከቃሎቹ መካከል በቤታችን ከሴት አያቴ በቀር የሚያውቃቸው የሌለ አሉ። እኔ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ፤ መምህሮቼንም ስለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን የአያቴን መዝሙር ሳላውቅ 18 ዓመት ሞላኝ። አሁን በሰፈራችን ካሉ አንድ አረጋዊ ደርዳሪ ዘንድ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። የደረቀውን አውታር እርሳቸው ለወጡልኝ፤ እንዝራውን ግን በገዛ እጄ እንድቈርጥ አዘዙኝ፤ ሰባት ጊዜም አበላሸሁት። ማታ ማታ የእጃቸውን አነካክ በስልኬ እያየሁ እለማመዳለሁ። እስካሁን የማውቀው ሁለት መዝሙር ብቻ ነው። ያንን ሦስተኛውን ሴት አያቴ በሕይወት ሳሉ ለማድረስ እሽቀዳደማለሁ፤ እርሳቸውም ዕድሜያቸው ገፍቷል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በያመቱ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት ከቤቱ ወይም ከመንደሩ አንድ አረጋዊ ወይም አረጋዊት የሚያውቁትን ነገር፣ ዜማም ይሁን ተረት፣ ቅኔም ይሁን የሽመና ጥበብ፣ በፈቃዳቸው ቀድቶ ለመጻሕፍት ቤታችን ያስረክብ። የቃሎቹንም ፍች ከራሳቸው ከባለቤቶቹ ጠይቆ ይጻፍ። ከዚያም ጋር፣ ዋናው ይህ ነው፣ ከቀዳው አንዱን ተምሮ በበዓል ቀን በፊታችን ያሳይ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስልኩ በኪሳችን ነው፤ አረጋውያኑም በቤታችን ናቸው፤ የጎደለው ጊዜያችን ብቻ ነው።

ክቡራን ወላጆች፣ እናንተንም የምለምነው አለኝ። ልጃችሁ ስለ አያቶቹ ሲጠይቃችሁ «ተወው፣ ትምህርትህን አጥና» አትበሉት። ይህም ትምህርቱ ነው።

እናንተም ጓደኞቼ፣ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ቤታችሁ በደረሳችሁ ጊዜ፣ ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡና አንድ ነገር ጠይቁ። ስልኩን ከዚያ በኋላ ክፈቱት።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፣ መምህሮቻችንንና አገራችንን ይባርክ።